ሥራ ይቅደም ወይስ ፈተና? የሶሊሲተርነትን መንገድ ስለ መምረጥ

በእንግሊዝና በዌልስ ሶሊሲተር መሆን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «የትኛውን ፈተና ልውሰድ? የትኛው ኮርስ ይሻለኛል?» ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ለፈተናውና ለዝግጅቱ የሚወጣውን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? ነገሩ ሳይሳካ ቢቀርስ ኪሳራው የሚያርፈው በማን ላይ ነው? አንዱ መንገድ ወጪውን ለአሠሪ ይሰጣል፤ ሌላው ለሙያ ሥልጠና በተመደበ ገንዘብ ይሸፈናል፤ ሌላው ደግሞ በወጣቱና በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ማዕረግ ግን አንድ ነው።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት እዚያው አገር ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ አገር ቤት ሕግ ተምረው ለሄዱ ባለሙያዎችና «ሕግ ልማር ነው» የሚል ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። በእኛ ቤት የልጅ ትምህርት የቤተሰብ ጉዳይ ነውና ወላጆችም ሊያነቡት ይገባል። የዕቁብ ገንዘብ ወጥቶ፣ ዘመድ ተበድሮ የሚከፈል ኮርስ ከመመዝገቡ በፊት ሌሎቹ በሮች መታየት አለባቸው።

ሶሊሲተር ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ነው። ውል ያረቅቃል፣ የቤት ሽያጭ ያስፈጽማል፣ ኑዛዜ ያዘጋጃል፣ የጥገኝነትና የሥራ ክርክር ይይዛል፣ ኩባንያዎችን ያማክራል። በከፍተኛ ፍርድ ቤቶች መከራከርን ዋና ሥራው ያደረገው ባሪስተር የራሱ መንገድና የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። ሶሊሲተሮችን የሚቆጣጠረው የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሲሆን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ኤስአርኤ ይሉታል። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ሥርዓታቸው የተለየ ነው፤ እዚህ የሚባለው ሁሉ እንግሊዝንና ዌልስን ብቻ ይመለከታል። ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞው መንገድ ችግር

ከ1993 ጀምሮ ለ28 ዓመታት ያህል ዋናው መንገድ ኤልፒሲ የሚባለው የሙያ ኮርስ ነበር። ተማሪው በሕግ ይመረቃል፤ በሌላ ትምህርት የተመረቀ ከሆነ የአንድ ዓመት የሕግ መሸጋገሪያ ይማራል። ቀጥሎ ኤልፒሲን ይወስዳል፤ ከዚያም በአንድ የሕግ ቢሮ የሁለት ዓመት የሥልጠና ውል ይፈርማል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቢያንስ በሦስት የሕግ ዘርፎች ይሠራል፤ ሲጨርስ በሶሊሲተርነት ይመዘገባል።

በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። ችግሩ የኮርሱና የሥልጠና ውሉ ቁጥር አለመመጣጠኑ ነበር። ትምህርት ቤቶች የከፈለውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ የሥልጠና ውል የሚሰጡት ግን የሕግ ቢሮዎች ናቸው፤ እነሱም የሚቀጥሩት ለሚፈልጉት ሥራ ያህል ብቻ ነው። ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ክፍያ ከፍሎ ኤልፒሲውን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪ የሥልጠና ውል ካላገኘ መንገዱ እዚያው ይዘጋበታል። ዲፕሎማው በእጁ፣ ዕዳው በትከሻው፣ ማዕረጉ ግን የለም። በዚህ ሁኔታ ለዓመታት በረዳትነት ሲሠሩ የኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ዘመድ ወይም የሚያውቁት ሰው በሕግ ቢሮ የሌላቸው የስደተኛ ልጆችም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። በተጨማሪ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ፈተና አውጥቶ ራሱ ያርም ስለነበር የአንዱን ተቋም ምሩቅ ከሌላው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር።

ኤስአርኤ ሥርዓቱን የለወጠው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ነው። ሁሉም ተፈታኝ የሚቀመጥበት አንድ ማዕከላዊ ፈተና መጣ፤ ስሙ የሶሊሲተሮች የብቃት ፈተና ነው፤ ኤስኪውኢ እየተባለ ይጠራል። ከዚያ ቀን በፊት የሕግ ዲግሪያቸውን ወይም መሸጋገሪያ ኮርሳቸውን ለጀመሩ ግን በአሮጌው መንገድ የመጨረስ መብት እስከ 2032 መጨረሻ ተጠብቆላቸዋል። ኤልፒሲን ጨርሰው የሥልጠና ውል አጥተው የቀሩም ሌላ በር ተከፍቶላቸዋል፤ የፈተናውን የመጀመሪያ ክፍል እንዳለፉ ተቆጥሮላቸው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ተፈትነውና የሥራ ልምዳቸውን አስመዝግበው መግባት ይችላሉ። ወረቀታቸውን በመሳቢያ አስቀምጠው ተስፋ የቆረጡ ካሉ ይህን ይወቁት።

አዲሱ ሥርዓት የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች

የመጀመሪያው ዲግሪ ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ነገር ነው። የሕግ ዲግሪ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ በታሪክ፣ በሒሳብ ወይም በነርሲንግ የተመረቀም ይችላል። ሁለተኛው ፈተናው ነው። ሦስተኛው የሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ ነው። አራተኛው የጠባይና የተገቢነት ምርመራ ሲሆን የወንጀል ሪኮርድ፣ የትምህርት ማጭበርበርና የገንዘብ አያያዝ ይታይበታል። እዚህ ላይ ጥፋትን መደበቅ ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ የከፋ ጉዳት ስለሚያመጣ ሁሉንም በግልጽ ማሳወቅ ይበጃል።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ወረቀቶች አሉት፤ እያንዳንዱ 180 የምርጫ ጥያቄዎች ስላሉት ድምሩ 360 ነው። የውል ሕግ፣ ከውል ውጭ የሚደርስ ጉዳት፣ የንግድ ሕግ፣ የመንግሥት አወቃቀር፣ የፍትሐ ብሔር ክርክር፣ የመሬትና የንብረት ሕግ፣ ኑዛዜና ውርስ፣ ትረስት (ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ መያዝ)፣ የወንጀል ሕግና የደንበኛ ሒሳብ አያያዝ ይጠየቁበታል። የሙያ ሥነ ምግባር በሁሉም ውስጥ ተበትኖ ይመጣል። መጽሐፍ ይዞ መግባት አይቻልም። 90 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ስለሚሠራ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት እኔው አንድ ላዘጋጅ። አንድ ሰው ያገለገለ መኪናውን በ9,000 ፓውንድ ለመሸጥ ለአንዲት ሴት በጽሑፍ ሐሳብ ያቀርባል። ሴትየዋ «በ8,000 ልውሰደው» ትላለች። ሻጩ እምቢ ይላል። በማግሥቱ «እሺ፣ በ9,000 ተቀብያለሁ» ብላ ትጽፋለች፤ ሻጩ ግን በዚያው ጧት መኪናውን ለሌላ ሰው ሸጦታል። ውል አለ ወይስ የለም? ከሥሩ አምስት መልሶች ይደረደራሉ። ሦስቱ በተለያየ ምክንያት «አለ» ይላሉ፤ ሁለቱ «የለም» ይላሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ «መኪናው አስቀድሞ ስለተሸጠ» ይላል፤ ሌላው «በ8,000 ልውሰደው ማለቷ የመጀመሪያውን ሐሳብ ስላፈረሰው» ይላል። ትክክለኛው የመጨረሻው ነው። መሠረቱ በ1840 የተወሰነው የሃይድና የሬንች ጉዳይ ነው፤ በ1,000 ፓውንድ የቀረበለትን እርሻ በ950 ልግዛ ያለ ሰው ተመልሶ የ1,000ውን ሐሳብ መቀበል አልቻለም። ፈተናው የሚለየው መልሱን ያወቀውን ሳይሆን ምክንያቱን ያወቀውን ነው። «ውል የለም» የሚለውን በደመ ነፍስ የደረሰበት ሰው ሁለት የሚያሳምኑ መልሶች ፊቱ ተደቅነው ጊዜው ይነጉድበታል።

ሁለተኛው ክፍል የተግባር ነው። 16 ምዘናዎች አሉት፤ 12ቱ በጽሑፍ፣ 4ቱ በቃል። ደንበኛ ማነጋገር፣ በዳኛ ፊት መከራከር፣ ጉዳይ መተንተን፣ ሕግ መመርመር፣ ደብዳቤ መጻፍና ሰነድ ማርቀቅ ይታይበታል። የመጀመሪያውን ክፍል ያላለፈ ወደዚህ አይደርስም። ለእያንዳንዱ ክፍል በስድስት ዓመት ውስጥ የሚፈቀደው ሦስት ሙከራ ብቻ ነው።

ፈተናው ቀላል አይደለም። በኖቬምበር 2021 በተሰጠው የመጀመሪያው ክፍል የመጀመሪያ ዙር ያለፉት 53 በመቶ ነበሩ፤ በጁላይ 2024 ቁጥሩ ወደ 44 በመቶ ወርዷል። የጥቁር ተፈታኞች ውጤት ከነጮቹ ዝቅ ብሎ መታየቱም ኤስአርኤን ራሱን አሳስቦት የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ምክንያቱን እንዲያጠና አድርጓል። ይህን የምጽፈው ማንንም ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ያለ በቂ ዝግጅት ጊዜ፣ ሙሉ ቀን እየሠሩ፣ በራስ ገንዘብ መቀመጥ አደገኛ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲመዝነው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እዚህ የሚፈሰው ከሦስቱ ሙከራዎች አንዱ ነው።

ትልቁ ለውጥ የሥራ ልምዱ ላይ ነው

ስለ አዲሱ ሥርዓት ሲወራ ፈተናው ይነሳል፤ ለእኛ ሰዎች ከፈተናው የበለጠ በር የከፈተው ግን የሥራ ልምዱ ደንብ ነው። ዛሬ ሁለቱ ዓመታት በአንድ ቢሮ፣ በአንድ የሥልጠና ውል መሞላት አይጠበቅባቸውም። እስከ አራት በሚደርሱ ድርጅቶች ውስጥ የተሠራ ሥራ ሊደመር ይችላል። በረዳት የሕግ ባለሙያነት ማለትም በፓራሊጋልነት፣ በዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ አገልግሎት፣ በማኅበረሰብ የሕግ ማዕከል ወይም በኩባንያ የሕግ ክፍል የተሠራ ሥራ ይቆጠራል። ደመወዝ ያለውም የሌለውም ይሆናል። ከፈተናው በፊት፣ በመሃል ወይም በኋላ ሊሠራ ይችላል። ውጭ አገር የተሠራም አይከለከልም። ወሳኙ ነገር ሥራው በእውነት የሕግ አገልግሎት መሆኑና የእንግሊዝና ዌልስ ሶሊሲተር ወይም የቢሮው የደንብ አስከባሪ ኃላፊ በፊርማው ማረጋገጡ ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ ላቅርበው። በለንደን የስደተኛ ጉዳይ የሚይዙ ብዙ ቢሮዎች የደንበኞቻቸውን ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። አንዲት ወጣት በአስተርጓሚነት ትገባለች እንበል። ማስተርጎም ብቻውን የሕግ አገልግሎት አይደለም፤ ዓመታት ብትቆይበትም ወደ ማዕረጉ አያቀርባትም። ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ቀጠሮ መያዝም እንደዚያው። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በሶሊሲተር ቁጥጥር ሥር የምስክርነት ቃል ማርቀቅ፣ የአገር ሁኔታ ማስረጃ መሰብሰብና ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማዘጋጀት ከጀመረች ከዚያ ቀን አንስቶ ያለው ጊዜ ሊቆጠርላት ይችላል። ስለዚህ ከአሠሪዋ ጋር በጊዜ ተነጋግራ የሥራ ድርሻዋን ማስቀየር አለባት። መዝገብም መያዝ አለባት፤ ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦

«ማርች 3፦ ሶሊሲተሯ ባለችበት ከደንበኛ ጋር የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ። የምስክርነት ቃሉን አረቀቅኩ። ሁለት ቦታ ላይ ቀኖቹ እንደማይጣጣሙ አይቼ ከደንበኛው ጋር አጣራሁ። ሶሊሲተሯ ያረመችው ቅጂ ፋይሉ ውስጥ አለ። የተለማመድኩት፦ ደንበኛን ማነጋገር፣ ሰነድ ማርቀቅ።»

የደንበኛ ስም እንዲህ ባለው መዝገብ አይገባም። አምስት መስመር የማትሞላ ማስታወሻ በየሳምንቱ ብትጻፍ ሁለት ዓመት ሲሞላ ፈራሚው ሶሊሲተር ምን እንደሚያረጋግጥ ያውቃል። ፊርማው «ይህች ሰው ብቁ ናት» ብሎ አይመሰክርም፤ ጊዜውን መሥራቷን፣ ቢያንስ ሁለት የሙያ ችሎታዎችን ለማዳበር ዕድል ማግኘቷንና የጠባይ ስጋት አለመታየቱን ብቻ ያረጋግጣል። ብቃቱን የሚፈትነው ፈተናው ነው። ይህን ልዩነት የማያውቁ አሠሪዎች ለመፈረም ያመነታሉ፤ አመልካቹ አውቆ ቢያስረዳቸው ፍርሃታቸው ይቀላል።

የዚህ መንገድ ድካሙም ሊነገር ይገባል። ሁለት ዓመቱን በሙሉ በስደት ሕግ ብቻ ያሳለፈ ሰው በሕግ ሙሉ ሶሊሲተር ነው፤ ነገር ግን በኋላ ወደ ንግድ ወይም ወደ ንብረት ሕግ ልዛወር ቢል አሠሪዎች «በዚህ ዘርፍ ምን ሠርተሃል?» ይሉታል። በሥልጠና ውል የገባው ግን በየስድስት ወሩ ክፍል እየቀየረ አራት ዓይነት ሥራ ቀምሶ ይወጣል። የሚመርጡትን ዘርፍ ገና ያልለዩ ሰዎች ይህን አቅልለው ማየት የለባቸውም።

በሮቹ አንድ በአንድ

በለንደን የፋይናንስ ማዕከል በሲቲ ያሉት ትልልቅ ቢሮዎች በሥልጠና ውል ይቀጥራሉ፤ የኤስኪውኢን ኮርስና ፈተና ይከፍላሉ፤ ለኑሮ የሚሆን ድጎማም ይጨምራሉ። ምልመላቸው ሥራው ከሚጀምርበት ቀን ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማል፤ የሕግ ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ሌላ ትምህርት የሚማር በመጨረሻ ዓመቱ ማመልከት ይጀምራል። የብዙዎቹ መግቢያ በዕረፍት ወቅት የሚሰጡት የአጭር ጊዜ የሥራ ልምምድ ነው። ሠልጣኞቻቸው ለፈተናው የሚዘጋጁበትንም ተቋም ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ለምሳሌ ፍሬሽፊልድስ፣ ሊንክሌተርስ፣ ስሎተር ኤንድ ሜይን ጨምሮ ስድስት ቢሮዎች ተባብረው ሠልጣኞቻቸውን በቢፒፒ ያስተምራሉ። ፈተናው የሕግ ዲግሪ ባይጠይቅም ብዙዎቹ ከሌላ ትምህርት የመጣውን መጀመሪያ የሕግ መሸጋገሪያ ኮርስ ያስወስዱታል። ስለዚህ ዓላማው ሲቲ የሆነ ተማሪ በራሱ ገንዘብ ኮርስ ገዝቶ መፈተኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም የለውም። ቢሮው ሊከፍልለት የሚችለውን ራሱ ይከፍላል፤ ቢወድቅ ደግሞ ውጤቱ ማመልከቻው ላይ ይከተለዋል።

በየሰፈሩ ያሉ ትንንሽና መካከለኛ ቢሮዎች ሁኔታቸው ይለያያል። አንዳንዱ ፈተናውን ይከፍላል፤ አንዳንዱ ግማሹን፤ አንዳንዱ ምንም። ለሠልጣኞች ተቆጣጣሪው ያወጣ የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ በኦገስት 2014 ተነስቷል፤ በሕግ የሚያስገድደው አገር አቀፉ ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻ ነው። እነዚህ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት የሚያውቁትን ሰው ነው፤ በፓራሊጋልነት ገብቶ ታማኝነቱን ያሳየው ወደ ሠልጣኝነት ያድጋል። የኤስኪውኢን የመጀመሪያ ክፍል አልፎ የመጣ አመልካችም እዚህ ከሌላው ብልጫ ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛው በር ከ2016 ጀምሮ ያለው የሶሊሲተር ተለማማጅነት ነው። የ18 ዓመት ወጣት ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሰ በሕግ ቢሮ ይቀጠራል፤ እየሠራና ደመወዝ እየበላ ለስድስት ዓመት ያህል ይማራል፤ ኤስኪውኢንም በዚያው ይፈተናል። የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የሥራ ልምዱም በዚያው ይሞላል። ወላጆቻችን «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ» ብለው ይህን በር ሲገፉት ያሳዝነኛል፤ ያለ ዕዳ ወደዚሁ ማዕረግ የሚያደርስ ነውና። አንድ ቀነ ገደብ ግን አለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በእንግሊዝ በዚህ ደረጃ ላለ ተለማማጅነት የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ በአብዛኛው ከ16 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ ለሚጀምሩ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት እያለ መረጃው ቤት መድረስ አለበት።

አገር ቤት ሕግ ተምሮ ለሄደ

ከኢትዮጵያ የሄዱ የሕግ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ በሥራ ላይ የነበረ፣ ፈቃዱም በመልካም ሁኔታ ያለ ሰው ብቁ የውጭ አገር የሕግ ባለሙያ ተብሎ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ከታየ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አይጠየቅም፤ ለሁለተኛው የፈተና ክፍል ነፃ መሆንን ማመልከትም ይችላል። የሕግ ዲግሪ ብቻ ኖሮት የጥብቅና ፈቃድ ያላወጣ ሰው ደግሞ ዲግሪው ከእንግሊዙ ጋር መመጣጠኑን አሳይቶ እንደ ማንኛውም አመልካች በፈተናውና በሥራ ልምዱ በኩል ይሄዳል። ከአገር ከመውጣት በፊት ፈቃድን በሥርዓት መያዝና የመልካም ሁኔታ ማረጋገጫ ማውጣት ያለው ዋጋ ትልቅ ነው፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ ማስመጣት እጅግ ያደክማል።

የትምህርቱ ክፍተትም መታወቅ አለበት። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ፣ ሁሉን በአንቀጽ የሚያስቀምጥ ሕግ ነው። የመኪናው ሽያጭ ጥያቄ እኛም ዘንድ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ የምንደርስበት ግን ከአንቀጹ ተነስተን ነው። እንግሊዛዊው ከ1840 ፍርድ ይነሳል። ውልና ወንጀል ለአገር ቤት ምሩቅ ቶሎ ይገባሉ። ትረስት፣ የመሬት ሕግና የደንበኛ ሒሳብ አያያዝ ግን ከዜሮ የሚጀመሩ ናቸውና የጥናት ሰዓቱ ወደ እነሱ ያጋድል።

ቪዛም መንገዱን ይወስናል። በአሠሪ ስፖንሰርነት የሚሰጠው የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ በጥቅሉ ቢያንስ 41,700 ፓውንድ፣ ለአዲስ ጀማሪዎች 33,400 ፓውንድ ዓመታዊ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ለሙያው የተቀመጠው መነሻም ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ የሰፈር ቢሮዎች ለሠልጣኝ ይህን አይከፍሉም። ስለዚህ ስፖንሰር የሚያስፈልገው ሰው ፍለጋውን ከፍተኛ ደመወዝ ወደሚከፍሉት ማድረግ ይገደዳል። በጥገኝነት ወይም በቤተሰብ በኩል የመሥራት መብት ያለው ሰው ግን ይህ ሐሳብ የለበትም፤ ትንንሾቹም ቢሮዎች ክፍት ናቸው።

ሒሳቡ

ፈተናው ሲጀመር የሁለቱ ክፍሎች ክፍያ 3,980 ፓውንድ ነበር። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የመጀመሪያው 1,888፣ ሁለተኛው 2,902፣ ድምሩ 4,790 ሆነ፤ በየጊዜው ከፍ እያለም ነው። የዝግጅት ኮርስ ከጥቂት ሺህ እስከ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ያስከፍላል። በ2024ቱ የፈተና ክፍያ ላይ የ4,000 ፓውንድ ኮርስ ብንጨምር በአንድ ሙከራ ላለፈ ሰው ወጪው 8,790 ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ወረቀቶች ወድቀውበት ቢደግማቸው 10,678 ይሆናል። ያለ ሥራ የሚጠናበት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ኮርሱ ከማስተርስ ዲግሪ ጋር ተያይዞ ከተሰጠ የመንግሥት የድኅረ ምረቃ ብድር ይገኛል፤ በ2024/25 ጣሪያው 12,471 ፓውንድ ነበር። ብድር መሆኑ ግን አይረሳ። «ማስተርስ» የሚለው ስም ለፈተናው አይጠቅምም፤ ጥቅሙ ብድሩን ማስገኘቱ ነው። ከብድር በፊት የሚታዩ በሮች አሉ። የሶሊሲተሮች ማኅበር አቅም ላነሳቸው ተስፈኞች የሚሰጠው የብዝኃነት ድጋፍ መርሐ ግብር አለ። የጀስቲስ ፈርስት ፌሎሺፕ ደግሞ ለድሆች በሚቆም የሕግ ሥራ ላይ መሠልጠን ለሚፈልጉ የሁለት ዓመት ቦታ ይከፍታል፤ በስደት፣ በቤትና በማኅበራዊ ድጋፍ ጉዳይ ወገኑን ማገልገል ለሚሻ ወጣት የሚስማማ ነው።

ሲያመለክቱ የሚጠየቁ

«ሠልጣኝ ሶሊሲተር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በስሙ ብቻ አይታመን። አንዱ በሥልጠና ውል የሚቀጥር ነው፤ ሌላው ፓራሊጋል ቀጥሮ «የሥራ ልምድህን እንፈርምልሃለን» የሚል ነው። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። በቃለ መጠይቅ ወይም ቅጥሩ ሲቀርብ የሚከተሉትን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም፤ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

የኮርሱንና የፈተናውን ክፍያ ማን ይከፍላል? ከሥራ ብለቅ እንድመልስ እገደዳለሁ? ለጥናት ፈቃድ ይሰጠኛል? ስንት ሳምንት? የሥራ ልምዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል? የሚፈርመውስ ማን ነው? በስንት የሕግ ዘርፍ እዘዋወራለሁ? ፈተናውን አንድ ጊዜ ብወድቅ ቅጥሬ ይቀጥላል ወይስ ይሰረዛል?

የመጨረሻውን ብዙዎች አይጠይቁም፤ ሊጠይቁት ይገባል። አንዳንድ ቢሮዎች በመጀመሪያ ሙከራ ያላለፈውን ያሰናብታሉ። በ2024 ፈተናውን የሚሰጠው ካፕላን በእርማት ስህተት 175 ያለፉ ተፈታኞችን «ወድቃችኋል» ብሎ እንደ ነበር ሲታወቅ ከመካከላቸው በዚያ ውጤት ምክንያት የሥራ ዕድል ያጡ መኖራቸው ተሰምቷል። ተፈታኙ የእርማቱን ስህተት ሊከላከል አይችልም፤ አንድ ዕድል ብቻ የሚሰጥና ሁለት ዕድል የሚሰጥ ውልን ለይቶ መፈረም ግን ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

ሁሉን በአንድ ላይ ስናየው የምመክረው ይህ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ተለማማጅነትን ያመልክት፤ ካልሆነ ዩኒቨርሲቲው አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ የሥልጠና ውልና የዕረፍት ጊዜ ልምምድ እያመለከተ ጎን ለጎን በዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ አገልግሎት ይሥራ፤ ያ ጊዜ እየተቆጠረለት ነው። የተመረቀ ከሆነ ኮርስ ከመግዛቱ በፊት የሕግ ሥራ ይፈልግ፤ ደመወዝ እየበላ የሥራ ልምዱን ይሙላ፤ አሠሪው ፈተናውን እንዲከፍል ይደራደር። በራስ ገንዘብ መፈተን የሚገባው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የሥራ ልምዱ በእጅ ወይም በሂደት ሲኖር፣ የዝግጅት ጊዜ ሲገኝና አንድ ሙከራ ቢከሽፍ ቤተሰቡን የማያናጋ ገንዘብ ሲኖር።

በቀድሞው ሥርዓት ወጣቱ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ከዚያ ቢሮዎቹ ይመርጡታል ወይም ይተዉታል። አዲሱ ሥርዓት ይህን ቅደም ተከተል የመገልበጥ መብት ሰጥቶታል። መብቱን የሚጠቀምበት ግን መኖሩን ያወቀ ሰው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ሕግ መማር የሚያስቡ ልጆች አሉን፤ ሶሊሲተር የሆኑ ታላላቆችም አሉን። አንድ ሶሊሲተር በዓመት የአንድ ልጅ ማመልከቻ ቢያነብ፣ ለአንድ ፓራሊጋል የሥራ ልምድ ቢፈርም፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከወረቀት ወደ ሥራ ይወርዳል።